ጎዴ ላይ የቀሩት አብራሪ

የካቲት 26 የካራማራ ድል መታሰቢያ መሆኑን ብዙ ሰው ያውቃል። ድሉ የተገኘበት የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት በየትኛው ዕለት ተጀመረ ቢባል ግን መልሱ አንድ አይደለም። ጥያቄውን ይዞ ወደ መዛግብት የገባ ሰው ከአንድ የውጭ ዜጋ ሞት ጋር ይጋፈጣል። ስዊድናዊው አብራሪ ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ ተገደሉ። ዕድሜያቸው 67 ነበር።

ካውንቱ ለኢትዮጵያ እንግዳ አልነበሩም። በ1901 ዓ.ም. ከስዊድን ባላባት ቤተሰብ ተወለዱ። የእናታቸው እህት ካሪን ኋላ የናዚ አየር ኃይል አዛዥ የሆነው ሄርማን ጎሪንግ ሚስት ነበረች። እሳቸው ግን ፋሺዝም አገራችንን በወረረበት በ1928 ዓ.ም. የቀይ መስቀል አውሮፕላን ይዘው ከእኛ ጎን ቆሙ። ቁስለኛ አጓጉዘዋል፤ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ልዑክ የነበረውን ሐኪም ማርሴል ጁኖን ወደ ሰሜን ግንባር ያደረሱትም እሳቸው ናቸው። በዚያው ዓመት መጋቢት ቆረም ላይ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት አውሮፕላን በጣሊያኖች ተደብድቦ ተቃጠለ። ያን ያየ ሰው ምልክት ብቻውን ማንንም እንደማይከልል ቢያምን አይፈረድበትም። በ1932 ዓ.ም. ፊንላንድ በሶቪየት ኅብረት ስትወረር ካውንቱ የመንገደኛ አውሮፕላን ወደ ቦምብ ጣይነት አስለውጠው ዘመቱ።

ከዓለም ጦርነቱ ማግስት ተመልሰው መጡና እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ ቢሾፍቱ ላይ የንጉሠ ነገሥቱን አየር ኃይል ሲያደራጁ ቆዩ። መለማመጃው ሳብ ሳፊር፣ ቦምብ ጣዩ ሳብ 17፣ አስተማሪዎቹም ስዊድናውያን ነበሩ። የዛሬው አየር ኃይል ሥር እዚያ ነው።

ስማቸውን በዓለም ያናኘው ግን ከናይጄሪያ ለመገንጠል የተዋጋችው ቢያፍራ ናት። ነሐሴ 1960 ዓ.ም. የናይጄሪያን እገዳ ጥሰው፣ ዝቅ ብለው በመብረር እርዳታ አስገቡ። በቀጣዩ ዓመት ግንቦት አምስት ትናንሽ የስዊድን አውሮፕላኖች ሮኬት ተገጥሞላቸው፣ በእሳቸው መሪነት የናይጄሪያን የአየር ማረፊያዎች ደበደቡ። በዚያን ጊዜ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የናይጄሪያ አማካሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ የቀድሞ አሳዳሪያቸው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ፤ ኮሚቴው ደግሞ የቆመው ለናይጄሪያ አንድነት ነበር። እህል ይዞ የገባ ሰው ሮኬት ይዞ ሲመለስ የእርዳታ አውሮፕላን ሁሉ ይጠረጠራል፤ በዚህ ካውንቱን የወቀሱ ሰዎች እውነት አላቸው። ነገር ግን በጀብድ ፍቅር ብቻ ሄዱ የሚለውን አልቀበልም። ቆረምን ያየ ሰው የረሃብ ጦርነት ሲያይ ዝም ማለት አልሆነለትም።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ በድርቅ ለተጎዳው የአገራችን ሕዝብ ደረሱ። መኪና በማይገባበት ቦታ እህል በትናንሽ አውሮፕላኖች ክንፍ ሥር እየታሰረ፣ ያለ ጃንጥላ ከዝቅታ ይጣል ጀመር። ወደ ኦጋዴን ያደረሳቸውም ይኸው የእርዳታ ሥራ ነው።

ሞታቸው የሚያከራክረው እዚህ ላይ ነው። የሞቃዲሾ መንግሥት በኦጋዴን የሚዋጉት የምዕራብ ሶማሊያ ነጻ አውጪ ግንባር ታጣቂዎች እንጂ ወታደሮቹ እንዳልሆኑ ሲናገር ቆይቷል። መደበኛ ጦሩን ማዝመቱን በይፋ ያስታወቀው በየካቲት 1970 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ሳምንታት ሲቀሩት ነው። በርካታ የውጭ ጸሐፍት የመደበኛው ጦር ወረራ የተጀመረው ሐምሌ 16 ነው ይላሉ። በዚህ ስሌት ካውንቱ የሞቱት ጦርነቱ ሳይጀመር፣ በሽምቅ ተዋጊዎች አደጋ ነው። የመከላከያ ሚኒስቴርን ሰነዶች የመረመሩት የታሪክ ምሁር ገብሩ ታረቀ ግን የወረራውን መጀመሪያ ወደ ሐምሌ የመጀመሪያው ሳምንት ያመጡታል። ይህም ቮን ሮዘን ከወደቁበት ጊዜ ጋር ይገጥማል።

ሚዛን የሚደፋው ይኸኛው ነው። ጎዴ ዋቢ ሸበሌ ዳር ያለች፣ የአየር ማረፊያና የጦር ሰፈር የነበራት ከተማ ናት፤ ለአላፊ ሽምቅ ተዋጊ የምትመች አልነበረችም። በዚያው ሐምሌም በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች። የሐምሌ 6ቱን ጥቃት ከተማዋ ከወደቀችበት ጥቃት ቆርጦ አንዱን የአማፂ፣ ሌላውን የመንግሥት ሥራ ማድረግ የሚጠቅመው ያን ጊዜ እጁን ለመሸሸግ የፈለገውን ወገን ነው። ካውንቱ በአየር ላይ አልተመቱም፤ ምድር ላይ ሳሉ ነው የተገደሉት። አዲስ አበባ ተቀበሩ።

በቀጣዮቹ ሳምንታት የኢትዮጵያ አብራሪዎች በኤፍ 5 ተዋጊ አውሮፕላን የሶማሊያን ሚጎች እየጣሉ አየሩን ተቆጣጠሩ። በኤፍ 5 ያሠለጠኗቸው አሜሪካውያን ናቸው፤ የቢሾፍቱን የበረራ ትምህርት ቤት የከፈቱት ግን ቮን ሮዘን ነበሩ።

እንደ ካውንቱ ዘመን ሁሉ ዛሬም በደቡብ ሱዳን መንገድ ሲዘጋ የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል ከአውሮፕላን ይጥላል። የእርዳታ ሠራተኞች በጦርነት መካከል መገደላቸውም አልቀረም፤ ሰኔ 2013 ዓ.ም. በትግራይ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን ሦስት ባልደረቦች ተገድለዋል። የእነሱም አሟሟት በትክክል መጻፍ አለበት።

ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ የነበራችሁ፣ ወታደር ሁናችሁ ነዋሪ፣ ወይም ከወላጆቻችሁ የሰማችሁ ልጆች፣ ያያችሁትንና የሰማችሁትን ጻፉ። ያንን ቀን ያዩ ሰዎች ዕድሜ እየገፋ ነውና አትዘግዩ።