ጣና ጎተራ ሲሆን

የድሮው አንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የኛ ፏፏቴ ነበረ። ጢስ ዓባይ ላይ አስጎብኚ በነበርኩበት ዘመን ጎብኚዎች ብሩን ከኪሳቸው አውጥተው ከገደሉ ጋር እያስተያዩ ፎቶ ይነሡ ነበር። መስከረም ላይ የመጣ ሰው ሥዕሉ አንሶበት ይሄዳል። ጥር ላይ የመጣው ግን ብሩን ያያል፣ ገደሉን ያያል፣ ከዚያ ዞሮ እኔን ያያል። ያኔ ቁጭ ብዬ ታሪኩን ከሥር ከመሠረቱ እነግረዋለሁ።

የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ እዚያ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ኃይሉ 11.4 ሜጋዋት ሲሆን፣ በዋናነት የታሰበው ለባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው ራሱ ጣሊያን በከፈለችው የጦርነት ካሳ የተሠራ ነው። አባቴ ውሃውን ወደ ማመንጫው የሚወስደው ቦይ ሲቆፈር በቀን ሥራ አካፋ ይዞ ውሏል። ያ ቦይ የሚወስደው ውሃ ጥቂት ስለነበር ፏፏቴው ብዙም አልጎደለበትም። ሌሊት ድምፁን ካልሰማች እናቴን እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። የፏፏቴው ጢስ የሚያረሰርሰው አፋፍ ዓመቱን ሙሉ ለምለም ነው፤ በጋ ላይ የሰፈሩ ጥጆች የሚሰማሩት እዚያ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1996 ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት በጨራጨራ ላይ በር ተሠራ፤ በ2001 የበሮቹ ቁጥር ሰባት ደረሰ። የክረምቱ ውሃ ሐይቁ ውስጥ ይጠራቀማል፣ በበጋ በልክ እየተለካ ይለቀቃል። ዛሬ በሌላው ዓለም ባትሪ ደርድረው ኃይል ያጠራቅማሉ፤ እኛ ዘንድ ጣና ራሱ የኤሌክትሪክ ጎተራ ሆነ። በዚያው በ2001 ሁለተኛው ማመንጫ በ73 ሜጋዋት ሥራ ጀመረ። እንግዶቼ የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነበር። በበጋ ዓባይ ከላይ ውሃ ይዞ ይመጣል፣ አፋፉ ጋ ሳይደርስ ግን ወደ ቦዩ ይታጠፋል፤ ተርባይኑን አዙሮ ከፏፏቴው በታች ወንዙን ይቀላቀላል። ውሃው አልጠፋም፤ ገደሉን ብቻ ዘልሎታል። የእኛ እንጀራ ደግሞ ያለው ገደሉ ላይ ነው።

ሁለተኛው ማመንጫ ሊሠራ ሲል የሰፈሩ ሰዎች ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። ስለ ሥራው ሊነግረን የመጣው ሰው ስለ ሜጋዋት፣ ስለ ሥራ ዕድል፣ ስለ አገር ዕድገት በሰፊው አስረዳ። ለጎብኚ ነጠላ የሚሸጡ አንዲት እናት ተነሡና፣ «ልጄ፣ ጥር ላይ ገደሉ ላይ ስንት ውሃ ትተዉልናላችሁ?» አሉት።

«ልማት እኮ ነው እናቴ፣ ሁላችንም እንጠቀማለን።»

«እሱንማ ሰማሁ። እኔ የጠየቅሁህ ስለ ውሃው ነው።»

መልስ አላገኙም። ስብሰባው በጭብጨባ ተዘጋ፤ እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ ዛሬም ይቆጨኛል።

ጎብኚ የሚበዛው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ውሃው ከገደሉ የሚሸሸውም በእነዚሁ ወራት። ቁፋሮው ሲያልቅ የቀን ሥራው አብሮ አለቀ። ከፏፏቴው በላይ ሰው የሚያሻግሩት ባለጀልባዎች፣ ቡና የሚያፈሉት ሴቶች፣ ዋሽንት የሚነፉት እረኞች፣ እኛም አስጎብኚዎች ቀጭን ክር የመሰለ ውሃ ፊት ቆመን ቀረን። እ.ኤ.አ. በ2003 ጣና ራሱ እጅግ ጎድሎ መርከቦች ቆመው ነበር። በ2010 ደግሞ 460 ሜጋዋት ያለው የበለስ ማመንጫ መጣ፤ ከሐይቁ በዋሻ የሚወስደው ውሃ ወደ በለስ ወንዝ ስለሚፈስ በእኛ በኩል አያልፍም።

መብራትን አልጠላም፤ ልጆቼ ያጠኑት በአምፖል ነው። ግን ኃይል የሚጠራቀምበት ነገር ሲታሰብ፣ ውሃም ይሁን ባትሪ፣ ከመጀመሪያው አካፋ በፊት የአካባቢው ሰው ይጠየቅ። ድርሻውም በወርና በልክ ተጽፎ በእጁ ይሰጠው። «ትጠቀማላችሁ» የሚለው ቃል ከዋርካው ጥላ አልፎ ሲሄድ አላየሁም።

እኚያ እናት አርፈዋል። ነጠላ የሚዘረጉበት ድንጋይ ዛሬም አፋፉ ላይ አለ፤ ባለፈው ጥር የልጅ ልጃቸው ተቀምጣበት አየሁ፣ ነጠላዎቹን እንዳጣጠፈች።