ከብራና እስከ ታብሌት፦ የመጽሐፍ ግልበጣ በዋግ

በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉ የዋግ ኽምራ ደጋዎች መጽሐፍ መገልበጥ የቁም ጸሐፊ ሙያ ነበር። የፍየል ቆዳ ውኃ ውስጥ ይነከራል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ሥጋውና ጠጉሩ ተፍቆ ብራና ይወጣዋል። ጥቁሩ ቀለም ለጽሕፈቱ፣ ቀዩ ለቅዱሳን ስም ነው። አንድ ዳዊት የወራት ሥራ ሲሆን፣ ሲያልቅ በቆዳ ማኅደር ገብቶ ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። ግልበጣው አዝጋሚ ቢሆንም፣ ብራናው ለማንበብ ከብርሃን በቀር የሚሻው ነገር አልነበረም።

በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ ከኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ብዙ ሺህ ብራናዎችን አነሣ። ቅጂዎቹ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጡ፤ ለማንበብ ግን ልዩ መሣሪያ ይጠይቁ ነበር።

ኮምፒውተር ሲመጣ እያንዳንዱ የፎንት ሠሪ የግዕዝን ፊደል በራሱ ኮድ ያስቀምጥ ነበር። ዩኒኮድ የተባለው የጋራ የፊደል ኮድ ግዕዝን ያካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ የአገው ቋንቋዎች የሚጠቀሙበት «ጘ»ም አብሮ ገባ፤ በዋግ ለሚነገረው የአገው ቋንቋ ለኽምጣንኛ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በቀድሞው ኮድ የተጻፈ አማርኛ ዛሬ በታብሌት ላይ ለማንበብ ኢፐብ ወደተባለው የኢ-መጽሐፍ ቅርጸት ሲለወጥ የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይሆናል፤ በቅድሚያ ወደ ዩኒኮድ መመለስ አለበት። በስካነር የተነሣ ፒዲኤፍ ደግሞ ሥዕል በመሆኑ ጽሑፉ በጠባብ ስክሪን ልክ አይደረደርም። ፋይሎችን ወደ ኢፐብ የሚለውጠው ካሊበር የተባለው ፕሮግራም ለኮምፒውተር የተሠራ ስለሆነ፣ ታብሌት ብቻ ያለው አንባቢ ፋይሉን በኢንተርኔት ያስለውጣል ወይም ፒዲኤፉን እያሰፋ ያነባል።