«12 ሺህ ዓመት ተኝቶ ነበር» ያለው ማን ነው?

እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋዱ ላይ በአፋር ክልል፣ አፍዴራ አካባቢ የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጣ። ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን፣ ከዚያም ፓኪስታንና ሰሜን ሕንድ ደረሰ። ሕንድ ውስጥ በረራዎች ተሰረዙ። አፍዴራ ላይ ደግሞ የግጦሹ መሬት አመድ ለበሰ፤ የአርብቶ አደሩ ጭንቀት ፍየሉና ግመሉ ምን ይብላ የሚል ሆነ።

በማግስቱ የዓለም መገናኛ ብዙኃን የተቀባበሉት አንድ ዜና ነበር፦ «ከ12 ሺህ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈነዳ»። የአገር ውስጡም ሚዲያ እንዳለ ተርጉሞ ለቀቀው። ቁጥሩ ያስደንቃል፣ ለርዕስም ይመቻል። ችግሩ ማንም ለክቶት የማያውቅ ቁጥር መሆኑ ነው።

የመጣው ከስሚዝሶኒያን ተቋም የእሳተ ገሞራ መዝገብ ነው። መዝገቡ በዋናነት የሚከታተለው ሆሎሲን የተባለውን የምድር ዘመን ሲሆን፣ ይህ ዘመን ከጀመረ 12 ሺህ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። በሃይሊ ጉቢ ስም በዚህ ዘመን ውስጥ የታወቀ ፍንዳታ አልተመዘገበም ነበር። «የታወቀ የለም» የሚለው በዜናው ውስጥ ሲያልፍ «አልፈነዳም» ሆኖ ወጣ። የልደት ካርድ የሌለውን ሰው አልተወለደም እንደማለት ነው። ከ12 ሺህ ዓመት ወዲህ መፈንዳቱ እንደማይቀር የተናገሩ ባለሙያዎች ነበሩ፤ እነሱን ያደመጠ ግን ጥቂት ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። እሳተ ገሞራ ነገ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለመገመት ትልቁ መነሻ ትናንት ያደረገው ነው። በስንት ጊዜ አንዴ ይፈነዳል? ሲፈነዳ ላቫ በዝግታ ያፈሳል ወይስ አመድ ወደ ሰማይ ይተፋል? አመዱና ጭቃው እስከ የት ይደርሳል? መልሱ ያለው ተራራው ዙሪያ በተደራረበው አፈር ውስጥ ነው።

በዚህ ሥራ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ምድር ባለሙያዎች፣ ክራንዴልና ሙሊኖ ናቸው። በዋሽንግተን ግዛት የሚገኘው ሴንት ሄለንስ ተራራ እ.ኤ.አ. ከ1857 ወዲህ ዝም ብሎ ነበር፤ ሰው ከሥሩ ባለው ሐይቅ ዳር ይዝናናበታል። ሁለቱ ሰዎች በተራራው ዙሪያና ከሥሩ ባሉት ሸለቆዎች ዓመታት አሳለፉ። በጎርፍ የተገመሱ ዳርቻዎችን እያዩ የአመዱንና የጭቃውን ንብርብር ቆጠሩ። በንብርብሩ ውስጥ የተቀበረውን የከሰለ እንጨት በራዲዮካርቦን ዕድሜውን አስለኩ። ያገኙት ነገር ተራራው ባለፉት 4,500 ዓመታት ከአላስካና ከሃዋይ ውጭ ካሉት የአሜሪካ እሳተ ገሞራዎች ሁሉ በላይ ደጋግሞና አይሎ መፈንዳቱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ሪፖርት፣ ምናልባትም ምዕተ ዓመቱ ሳያልቅ እንደገና ሊፈነዳ ይችላል አሉ። መጋቢት 1980 ምድሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ግንቦት 18 ቀን ተራራው ፈነዳ።

ቀኑን አልተናገሩም፤ ሊናገሩም አይችሉም ነበር። የተናገሩት የተራራውን ጠባይ ነው። እሱም ቢሆን ሙሉ አልነበረም። የተራራው ሰሜናዊ ጎን ተንዶ ፍንዳታው ወደ ጎን ሲወጣ፣ ቀድሞ በካርታ ላይ ከተገመተው እጅግ አልፎ ሄደ። 57 ሰዎች ሞቱ።

ፊሊፒንስ ውስጥ ያለው ፒናቱቦ ከዚህም የባሰ ችኮላ ነበረበት። 500 ዓመት ያህል ዝም ያለው ተራራ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1991 መጨስ ሲጀምር፣ የፊሊፒንስና የአሜሪካ ባለሙያዎች ንብርብሩን የማንበቢያ ጊዜያቸው ሳምንታት ብቻ ነበር። ያነበቡት ደግሞ አስደነገጣቸው፦ ይህ ተራራ እምብዛም አይፈነዳም፣ ሲፈነዳ ግን በትልቁ ነው። የአደጋ ካርታውን አዘጋጁ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከአካባቢው ወጣ። ሰኔ 15 ቀን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛው ታላቅ ፍንዳታ መጣ። በእለቱ አውሎ ነፋስና ዝናብም ተደርቦ ነበርና፣ በፍንዳታው ጊዜ ከሞቱት አብዛኞቹን የገደለው በረጠበ አመድ ክብደት የተደረመሰ ጣሪያ ነው። ተራራው ሥር የነበሩት ባይወጡ ኖሮ ግን ሟቾቹ በሺዎች ይቆጠሩ ነበር።

አሁን ወደ አፋር ምድር። ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ያለው ዱቢ እ.ኤ.አ. በ1861 ፈንድቶ ከመቶ በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ አመዱ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ወርዷል። ጎረቤቱ ናብሮ ግን በጽሑፍ የሚታወቅ ምንም ታሪክ አልነበረውም። ሰኔ 2003 ዓ.ም. በሌሊት ፈነዳ፤ ሰዎችም ሞቱ። ከ14 ዓመት በኋላ ሃይሊ ጉቢ ያንኑ ደገመው።

ምልክት አልነበረም ማለት አይደለም። ከፍንዳታው አራት ወር ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ፣ ኤርታሌ ሲፈነዳ ቅልጥ ዓለቱ ከመሬት በታች ወደ ሃይሊ ጉቢ አቅጣጫ መጓዙን ሳተላይቶች መዝግበዋል። ነገር ግን ከመሬት በታች የተጓዘ ቅልጥ ዓለት ሁሉ አይወጣም። በ1998 ዓ.ም. ደባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ በቅልጥ ዓለት ሲሞላ ወደ ላይ የወጣው ጥቂት ነው። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በመሬት መንቀጥቀጡ ተፈናቅሏል፤ እሳቱ ግን ከታች ቀረ። ሳተላይት አሁን የሆነውን ያሳያል። ይህ ተራራ እንዲህ ሲሆን ምን ያደርጋል ለሚለው ግን የተራራውን የቆየ መዝገብ ማገላበጥ ያስፈልጋል፤ የሃይሊ ጉቢ ገጽ ባዶ ነበር።

ገጹ ባዶ የሆነው ተመራማሪ ሰንፎ ብቻ አይደለም። ዛፍ በሌለበት በረሃ የከሰለ እንጨት ከየት ይመጣል? ሐይቅ ባለበት ስምጥ ሸለቆ ነገሩ ይሻላል፤ በአሉቶ ዙሪያ ከሐይቅ ደለል በተወሰደ ናሙና ውስጥ ቀድሞ ያልታወቁ የአመድ ንብርብሮች ተገኝተዋል። በዚያው በአሉቶ ላይ የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ተተክሏል። ከጽሑፍ ውጭ ያለውም አይናቅም። ኤርታሌ ብዙ ጊዜ «የሚጨስ ተራራ» ተብሎ ይፈታል፤ ስሙ ራሱ ምስክር ነው። በፈንታሌ ደቡብ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ፍንዳታ ከተማና ቤተ ክርስቲያን ጠፋ የሚለው የአካባቢው ትውፊትም በስሚዝሶኒያን መዝገብ ሰፍሯል። በአፍዴራ ዙሪያ ያሉ ሽማግሌዎች ስለ ሃይሊ ጉቢ ከአባቶቻቸው የሰሙት ካለ፣ የሚጠይቃቸው ያስፈልጋል።

ኅዳር 14 የወረደው አመድ ራሱ አሁን አንድ ንብርብር ነው። በየቦታው ምን ያህል እንደወፈረ የሚለካው ነፋስና ጎርፍ ሳይጠርጉት ነው፤ በበረሃ ደግሞ ነፋሱ አይዘገይም።