«የፋብሪካ» ስንል

ጣሪያዋ ሸራ የሆነች አሮጌ ቮልስ ለሽያጭ ስትቀርብ ከሻጩ አፍ ቀድሞ የሚወጣው «የፋብሪካ ናት» የሚለው ነው። ቃሉን «ኦሪጅናል» ከሚለው ጋር እናደባልቀዋለን፤ ግን አንድ አይደሉም። ኦሪጅናል የሚባለው ከወጣ በኋላ ያልተነካካ ነው። «የፋብሪካ» የሚናገረው ስለ ትውልዷ ነው፦ ስትወጣም እንዲህ ነበረች ወይ? ቀለሟ ሦስቴ ቢቀየር፣ ሞተሯ ቢለወጥ እንኳ ይህ አይፋቅም።

የትኛው ፋብሪካ የሚለውም ብዙ ሰው ያሳስታል። ባለ ሸራዋ ከቮልፍስቡርግ የወጣች ይመስለናል። ባለ አራት መቀመጫዋን ግን ከ1949 እስከ 1980 (እ.ኤ.አ.) ለቮልስዋገን የሠራት የኦስናብሩኩ ካርማን ነው፤ ከ330,000 በላይ ስለተመረተች እንደሚወራው ብርቅ አይደለችም። ብርቋ የሄብሙለር ባለ ሁለት መቀመጫ ናት፤ ፋብሪካው በ1949 በቃጠሎ ክፉኛ ተጎዳ፣ የተሠሩትም 700 ገደማ ብቻ ናቸው።

ጋራዥ ውስጥ ጣሪያዋ የተቆረጠውን ለመለየት በሩን ከፍታችሁ ተንበርከኩ። ጣሪያው ይሸከም የነበረውን ጫና እንዲተካ ካርማን ከበሩ ሥር ያለውን የቦዲ ጠርዝ በተጨማሪ ብረት አጠናክሮታል። ያ ከሌለ፣ በሩም ሲዘጋ የሚታከክ ከሆነ፣ የመጋዝ ሥራ ናት ብላችሁ ጠርጥሩ። አርማ ተገዝቶ ይለጠፋል፤ አትመኑት። ይልቅ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አስተያዩ።