የቁልቋል ወተት፣ ፍል ውኃና መርፌ

ከባቱ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ የዝዋይን ሐይቅ አለፍ እንዳሉ አዳሚ ቱሉ ትገኛለች። ስሟ በኦሮምኛ የቁልቋል ኮረብታ ማለት ነው። ቁልቋል በስምጥ ሸለቆው አጥር ነው። በኢትዮጵያ የባህል ሕክምና ደግሞ ለብዙ ዘመን መድኃኒት ሆኖ ቆይቷል። ቅርንጫፉ ሲቆረጥ የሚንጠባጠበው ነጭ ወተት ለቂጥኝና ለጨብጥ ይታዘዝ ነበር። ጥቂት ጠብታ በሊጥ ተለውሶ ይጋገራል፤ ሕመምተኛው ይበላዋል፤ ሆዱንም ክፉኛ ያስቀምጠዋል።

ይኸው ወተት ቆዳ ላይ ሲያርፍ ግን ይለበልባል፣ ያሳብጣል፣ ውኃ ያስቋጥራል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ለጊዜው ያሳውራል። ብልቱ ላይ ትንሽ ቁስል አይቶ ለማንም ሳይናገር የቀባው ሰው፣ በማግስቱ ያበጠው ከበሽታው ይሁን ከመድኃኒቱ መለየት ያቅተዋል። የብልት እብጠትና ማቃጠል በአገራችን ያለፈበት ታሪክ በአብዛኛው የዚህ መደባለቅ ታሪክ ነው።

ሆኖም ሰው በሽታዎቹን ለይቶ አያውቅም ነበር ማለት አይደለም። ሽንት ሲሸና የሚያቃጥለውና መግል የሚያወጣው ጨብጥ ነው። የሚያመውና የሚቆስለው ከርክር፣ ብሽሽት ላይ ንፍፊት አሳብጦ የሚያፈነዳው ባምቡሌ ይባላል። የማያመው፣ ጠርዙ ጠጠር ያለው ቁስል የቂጥኝ መጀመሪያ ነው። ፖላንድ የተወለደው ተመራማሪ ስቴፋን ስትሬልሲን ሰብስቦ ያሳተማቸው የግዕዝና የአማርኛ የመድኃኒት መጻሕፍት ለእነዚህ ሕመሞች የሚሆኑ ዕፀዋትን ይዘረዝራሉ። አውሮፓውያኑም ቢሆኑ ተሐዋስያኑን ያገኟቸው ዘግይተው ነው፤ የጨብጡን አልበርት ናይሰር በ1879፣ የከርክሩን አውጉስቶ ዱክሬይ በ1889፣ የቂጥኙን ሻውዲንና ሆፍማን በ1905 ለዩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ለቂጥኝ ከሁሉ የከበደው ሕክምና ወሸባ ነበር። ሕመምተኛው ከሰው ተለይቶ በተዘጋ ቤት ለሳምንታት ይቀመጣል፤ የመድኃኒት እንፋሎት ይታጠናል፤ ላቡ እስኪንቆረቆር ይሞቃል፤ የሚበላውም ይመረጥለታል። ባዜቃም ይታዘዝ ነበር፤ አውሮፓም ለአራት መቶ ዓመታት ያህል በዚሁ መርዛም ብረት ስትታከም ኖራለች። በባዜቃ ድዱ የቆሰለና ጥርሱ የወለቀ ሰው በሁለቱም አህጉር ነበር።

ሌላው መጠጊያ ፍል ውኃ ነው። አዲስ አበባ በ1886 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ስትቆረቆር እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ወደ ሜዳው ያወረዳቸው ፍል ውኃ ነበር። በስምጥ ሸለቆው ደግሞ ከአዳማ ብዙም የማይርቀው ሶደሬና የሻላ ሐይቅ ዳር ምንጮች ለቆዳ በሽታና ለቁስል የሚመጣውን ሰው ሲያስተናግዱ ኖረዋል።

እነዚህ ሕክምናዎች ለምን ይህን ያህል ታመኑ? መልሱ በበሽታው ጠባይ ውስጥ አለ። የመጀመሪያው የቂጥኝ ቁስል ምንም ባይደረግለት እንኳ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ውስጥ በራሱ ይደርቃል። ወሸባ የገባውም፣ ፍል ውኃ የተጠመቀውም፣ ቁልቋል የዋጠውም ቁስሉ ጠፍቶ ያያል፤ ዳንኩ ብሎ ይመለሳል፤ ትዳሩንም ይቀጥላል። ተሐዋሲው ግን በደሙ ውስጥ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ልብን፣ አንጎልንና ዓይንን ሊያጠቃ ይችላል። ባለመድኃኒቱ አላታለለም፤ በሽታው ሁለቱንም አታለላቸው።

በ1910 ጆርጂያዊው ሐኪም ሜራብ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ዘመናዊ ፋርማሲ ከፈተ። በዚያው ዓመት ጀርመን ውስጥ የፓውል ኤርሊክ ሳልቫርሳን ለገበያ ወጣ። በአርሴኒክ የተሠራው ይህ መድኃኒት ለቂጥኝ ከባዜቃ የተሻለ ቢሆንም አደጋውም ቀላል አልነበረም። ቁርጥ ያለው መፍትሔ የተገኘው በ1943፣ አሜሪካዊው ጆን ማሆኒ ቂጥኝን በፔኒሲሊን ሲያክም ነው። ቂጥኝ እስከ ዛሬም የሚድነው በዚሁ መርፌ ነው።

በዚያው ዘመን በሸለቆው የሰው እንቅስቃሴ ጨመረ። የጅቡቲው ባቡር በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ አዳማ ከጣቢያዎቹ አንዷ ነበረች። በ1954 አንድ የሆላንድ ኩባንያ የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። ከሩቅ አገር ለሸንኮራ ቆረጣ የሚመጣው ወጣት፣ ሚስቱን ቤቱ ትቶ የሚያድረው ሾፌርና በመንገድ ዳር ከተሞች ጠላና አረቄ የምትሸጠው ሴት ተገናኙ፤ በሽታውም መንገዱን ተከትሎ ሄደ። ኤች አይ ቪ ሲመጣ የብልት ቁስል የቫይረሱ መግቢያ በር መሆኑ ታወቀ። በ1994 የተቋቋመው የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክትም በ1997 የወንጂን ሠራተኞች መከታተል ጀመረ።

ይሁን እንጂ ያበጠ ሁሉ ከግብረ ሥጋ የመጣ አይደለም፤ ብዙ ባልና ሚስትም በዚህ ጥርጣሬ ያለ ጥፋታቸው ተጣልተዋል። ሸለፈት ሥር የሚከማች እድፍና ፈንገስ የብልትን ጫፍ ያቀላል፣ ያሳክካል። ደጋግሞ ሲመለስ የስኳር በሽታ የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ደም ማስመርመር ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ከአሥር ወንዶች ዘጠኙ ያህል የተገረዙ በመሆናቸው ይህኛው ችግር ያንሳል። ጠንካራ ሳሙና፣ እከክና የነፍሳት ንክሻም ያሳብጣሉ።

በዝዋይ ዙሪያ ደግሞ የራሱ የሆነ ሌላ ምክንያት አለ። በሐይቁ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማው ገበሬ ፀረ ተባይ በጀርባው ተሸክሞ ይረጫል፤ መድኃኒቱም በሱሪው ላይ ይንጠባጠባል፤ እጁን ሳይታጠብ ይሸናል። ሐዋርድ ማይባክና ባልደረቦቹ በ1971 ባወጡት ጥናት፣ ፓራቲዮን የተባለው ፀረ ተባይ በዘር ፍሬ ከረጢት ቆዳ በኩል የሚሰርገው በክንድ ቆዳ ከሚሰርገው ከ10 እጥፍ በላይ ነው። የዚህ ሰው መድኃኒቱ ኪኒን አይደለም፤ ከመሽናት በፊት እጅን በሳሙና መታጠብና የረጠበ ልብስን ወዲያው መቀየር ነው።

በራስ ማከም ዛሬም አልቀረም፤ የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈልቅቆ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስ የቁልቋሉን ወተት ቦታ የተካ ልማድ ነው፤ የሚያመጣው መዘዝም ተመሳሳይ ነው። ጨብጥ ፔኒሲሊንን መቋቋም መጀመሩ በ1976 ተረጋግጧል፤ ዛሬ በአብዛኛው የሚታከመው በሴፍትሪያክሶን መርፌ ነው። ሰው ከጎረቤቱ የተረፈ ኪኒን ሲውጥ ለዚህ መላመድ ያግዛል። ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው ግን መግል፣ ቁስል ወይም የብሽሽት እብጠት መሆኑ ታይቶለት በዚያው ቀን ሕክምና ይጀምራል፤ የትዳር ጓደኛውም አብራ ካልታከመች በሽታው ይመለስበታል። ወደ ኋላ ተሸብልቦ አልመለስ ያለ ሸለፈት ደግሞ ለነገ የማይባል ድንገተኛ ሕመም ነው፤ የደም ዝውውርን አግዶ የብልቱን ጫፍ ሊገድል ስለሚችል በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።