የሕዝብ አስተያየት ቁጥርና የደራሲ መብት

በጥንቱ የአገራችን ሥርዓት ቁም ጸሐፊ መጽሐፍን ከመጽሐፍ መገልበጡ እንደ በጎ ምግባር ይቈጠርለት ስለ ነበር፣ በብራናው ላይ የሚጻፈው ውግዘት የሚያርፈው በሚሰርቀውና በሚፍቀው ላይ እንጂ በሚገለብጠው ላይ አልነበረም። የድርሰትን ባለቤትነት በሰፊው የደነገገው በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ወጣ። በአፍሪካ አገሮች የሕዝብን አስተያየት የሚያጠናው አፍሮባሮሜትር በ2005 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሕዝብን አስተያየት በጠየቀ ጊዜ፣ ውጤቱን በኢንተርኔት ደግሞ ለማውጣት የሚሻ ሁሉ ሊመረምረው የሚገባው ሕግ ይህ ነበር።

አዋጁ ሐሳብንና ተራ መረጃን ከጥበቃ ውጭ አድርጎ፣ የአጻጻፉንና የአደራደሩን ጥበብ ግን ለደራሲው ጠብቆለታል፤ እንግዲህ ከመቶ ይህን ያህሉ እንዲህ አሉ ብሎ ማውራት ለሁሉ የተፈቀደ ሲሆን፣ ትንታኔውን እንዳለ ገልብጦ ማውጣት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይገባም። ጥቅስም ቢሆን ከፍትሐዊ ልማድና ከሚያስፈልገው መጠን ሳያልፍ፣ ምንጩና የደራሲው ስም ተጠርቶ ይፈቀዳል።

ስለዚህ የምታትሙ ወገኖች ሆይ፣ ቁጥሩን ስትነግሩን ማን፣ መቼ፣ ስንት ሰው ጠይቆ እንዳገኘው አብራችሁ ንገሩን፤ ይህን ማድረግ ሕግን መፈጸም ብቻ ሳይሆን ለአንባቢ እውነትን መመስከር ነው።