በሬዲዮ የሚመሩ የእሽቅድምድም መኪኖች፦ ጥንካሬና የዕቃ ስብራት

በሬዲዮ የሚመሩ የእሽቅድምድም መኪኖች የትልልቅ መኪኖች ትንንሽ አምሳያዎች ሲሆኑ፣ ነጂው ከሜዳው ዳር በተሠራ መድረክ ላይ ቆሞ በእጁ በያዘው ሬዲዮ ይነዳቸዋል። በጣም የተለመዱት የ1/10ኛና የ1/8ኛ መጠን መኪኖች ናቸው። በአፈር ሜዳ የሚሮጥ የ1/10ኛ መጠን መኪና 1.5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲበር አጥር ቢመታ 145 ጁል የሚደርስ ጉልበት ይዞ ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው በአንድ የፊት ብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው ጋር በሚያያይዘው ክንድ) ላይ ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል።

አመጣጥ

ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው መኪና የትኛው እንደሆነ ስምምነት የለም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ኤልጂ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1966 እንዳወጣው የሚነገረው የፌራሪ 250 ኤልኤም አምሳያ ነው። ሌሎች ግን የስፖርቱን ጅማሬ የሚቆጥሩት እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ በዚያ ወቅት የእንግሊዙ ማርዴቭና የካሊፎርኒያው አሶሲዬትድ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖችን ለውድድር ማቅረብ ጀምረዋል። የጃፓኑ ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1976 በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ፖርሽ 934 ካወጣ በኋላ መኪናው ወደ ብዙ ቤት ገባ።

በጥንካሬ ረገድ ግን ትልቁ እርምጃ አሶሲዬትድ እ.ኤ.አ. በ1984 ያወጣው አርሲ10 ሳይሆን አይቀርም። ሻንሲው ወርቃማ ቀለም ያለው የአሉሚኒየም ገበታ፣ ብራቾዎቹ ደግሞ ናይለን ነበሩ፤ ግትር መሆን ያለበት ግትር፣ የሚመታው ደግሞ የሚታጠፍ። በቀጣዩ ዓመት በዴል ማር፣ ካሊፎርኒያ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የሁለት ጎማ ኃይል ምድብን ያሸነፈው ይኸው መኪና ነው።

በብዛት የሚሰበሩ ክፍሎች

የፊት ብራቾ፣ የአሞርዛተር መያዣና የጎማ እምብርት መያዣ ቀዳሚዎቹ ናቸው። የብራቾ ስፒል ይጎብጣል፤ የፕላስቲክ ጥርስም ይበላል። ለመሪው ሞተር ጥርሶች መከላከያ የሚሆን በሞላ የሚሠራ መሪ ክንድ ይገጠማል፤ ለኃይል ማስተላለፊያው ደግሞ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን አለ። የፍሪሲዮኑ ዳዶ ከልክ በላይ ከጠበቀ፣ መኪናው ከዝላይ ሲያርፍ የሚመጣው ምት በቀጥታ ወደ ዲፈረንሻሉ ይሄዳል።

ጀማሪዎች አንድ ብራቾ እንደተሰበረባቸው የአሉሚኒየም መግዛት ይቀናቸዋል። ይህ ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። ብራቾው ሳይሰበር ሲቀር ጉልበቱ አይጠፋም፤ ወደሚቀጥለው ክፍል፣ ማለትም ወደ ብራቾው ማሰሪያ ወይም ወደ ሻንሲው ይተላለፋል። እነዚህን መቀየር ደግሞ ዋጋውም ድካሙም ይበልጣል። አሉሚኒየም አንዴ ከጎበጠም አይመለስም። ርካሹና በሁለት ስፒል የሚቀየረው ክፍል ቀድሞ እንዲሰበር ማድረግ የተሻለ ንድፍ ነው።

ናይለንና ውኃ

ተወዳዳሪዎች አዲስ የናይለን ብራቾ ከመግጠማቸው በፊት በውኃ የሚቀቅሉት በልማድ ብቻ አይደለም። ናይለን ከሻጋታ ሲወጣ ደረቅ ነው፤ ደረቅ ናይለን ግትር ቢሆንም በምት ይሰነጠቃል። ናይለን 66 ውኃ ሲጠግብ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል ውኃ ይይዛል፤ መካከለኛ እርጥበት ባለው አየር ውስጥ ሲቆይ ደግሞ 2.5 በመቶ ገደማ። ውኃው በሞለኪውሎቹ ሰንሰለቶች መካከል ገብቶ እርስ በርስ የሚያያዙበትን ኃይል ያላላል፤ በዚህም ክፍሉ ከመሰበር ይልቅ መታጠፍ ይችላል። በአንጻሩ ግትርነቱ ስለሚቀንስ መኪናው በመታጠፊያ ላይ ለመሪ የሚሰጠው ምላሽ ሊለዝብ ይችላል። መቀቀሉ ውኃው ቶሎ እንዲገባ ያደርጋል እንጂ አዲስ ባሕርይ አይፈጥርም፤ እርጥበት ባለበት አካባቢ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ክፍል ከአየሩም ይጠጣል። የመስታወት ክር የተቀላቀለበት ናይለን የሚይዘው ውኃ ያነሰ ስለሆነ ለውጡም ያንሳል። የካርቦን ፋይበር ሰሌዳን መቀቀል ጥቅም የለውም። በብርድ ቀን ስብራት የሚበዛውም ናይለን ሲቀዘቅዝ ወደ ተሰባሪነቱ ስለሚመለስ ነው።

ቆብ

ቆቡ፣ ማለትም የመኪናው የላይ ሽፋን፣ የሚሠራው ከስስ ፖሊካርቦኔት ነው። ሲሰነጠቅ ስንጥቁ እንዳይሰፋ ከውስጥ በኩል በመረብ ጨርቅና በሚለጠጥ ማጣበቂያ ይጠናከራል።

ሞተርና ባትሪ

የሊቲየም ፖሊመር ባትሪና ብሩሽ አልባ ሞተር እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ፍጥነቱን አሳድገዋል፤ በጥርሶችና በአክሰሎች ላይ የሚያርፈው ጫናም አብሮ ጨምሯል።

የነዳጅ ምድብ

የ1/8ኛ መጠን የአፈር ሜዳ መኪኖች 3.5 ሲሲ ሞተር አላቸው። የዓለም ሻምፒዮናው ፍጻሜ አንድ ሰዓት ሙሉ የሚካሄድ ሲሆን፣ መኪናው በየመሐሉ ነዳጅ ይሞላል። የተሰበረ ክፍል ሲቀየርም ሰዓቱ ስለማይቆም፣ በዚህ ምድብ ከፍጥነት ይልቅ ሳይሰበሩ መጨረስ ብዙ ጊዜ አሸናፊውን ይለያል።